ማዳም የፈቀደችው ሽርሽር

ስሙኝማ! ሪያድን አውቃታለሁ የሚል ሰው አይጠፋም። ደላላው ያውቃታል። ኤጀንሲው ያውቃታል። ቦሌ ላይ ሻንጣውን በፕላስቲክ የሚያስጠቀልለው መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል። እኔማ የቤት ሹፌር ነኝ፤ ማዞሪያዋን፣ ሳሂር የሚሉት የፍጥነት ካሜራ የተደበቀበትን ጥግ ሳይቀር በቃሌ እወጣዋለሁ። ታናሽ እህቴ ግን እዚያችው ሪያድ እየኖረች ሪያድን አታውቃትም ነበር። የምታውቀው ከኤርፖርት እስከ አሠሪዎቿ ቤት ያለውን መንገድ ነው፤ እሱንም ያየችው በሌሊት ነው። ከዚያ ወዲያ ኩሽና፣ ሳሎን፣ የልጆች ክፍል፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ የልብስ ማስጫ። ከማስጫው ላይ ሆና ማታ ማታ ቀለሙን እየቀያየረ የሚበራ ረጅም ፎቅ ይታያታል። ትደውልልኛለች። “ወንድም ጋሼ፣ ያ መሀሉ የተበሳው ፎቅ ምንድን ነው?” ትለኛለች። “ኪንግደም ነው” እላታለሁ። “ቅርብ ነው?” “ቅርብ ነው።” አለቀ። እዚያው ላይ እንዘጋለን።

እንግዲህ ባለፈው ታኅሣሥ የአጎታችን ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለች። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ዑምራ ልታደርግ እንደሆነ፣ ከመካ ሲመለሱም ወደ ሪያድ ጎራ ብለው እኛን ሊያዩ እንዳሰቡ ነገረችን። “ቪዛውስ?” አልኳት። ሳቀች። በስልኳ ሞልታ፣ በካርድ ከፍላ፣ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ደርሶላታል። ሳዑዲ የቱሪስት ቪዛ የከፈተችው በመስከረም 2019 ነው። ዓመቱን እንደ ፈረንጅ ስቆጥር አትፍረዱብኝ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በዚያው ነው። ሲከፈት 49 አገሮች ተመረጡ፤ አሜሪካ አለች፣ አውሮፓ አለ፣ ጃፓንና ቻይና አሉ። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። እኔ ወሎ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ፣ እሷም እዚያው ሐይቅ ተወልዳ፣ ከአንድ ምንጭ ቀድተን አድገን፣ እኔ ለመግባት የደላላ፣ የምርመራና የአሻራ መዓት አይቻለሁ። እሷ በሻይ ሰዓት ጨረሰችው። ይሁን፣ አላህ ለሁሉም የራሱን ይሰጣል።

ጣጣው እህቴን ማስወጣቱ ላይ ነው። ሕጉማ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አላት ይላል፤ በወረቀት ላይ ተጽፎ አለ። እህቴ ግን ዕረፍት ስትጠይቅ የማዳሟ መልስ “ኢንሻአላህ” ነው። ሳዑዲ የኖረ ሰው ያቺ ኢንሻአላህ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃታል። እኔም ደውዬ ሞክሬ ነበር፤ ለእኔም ኢንሻአላህ። የቨርጂኒያዋ ሪያድ ገብታ ይህን ስትሰማ “ስልኳን ስጡኝ” አለች። ደወለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። በዚያ በአፍንጫ በሚወጣው የአሜሪካ እንግሊዝኛዋ “ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የመጣነው፣ እህታችንን ይዘን ከተማችሁን ልናይ ነው፣ አርብና ቅዳሜን ብትፈቅጂልን” አለች። ማዳም በስንት ደስታ! በራሷ እንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ይህን እዩ፣ ያን እዩ፣ እዚህ ጋ ብሉ። ሁለቱንም ቀን ፈቀደች። እህቴ በኋላ ነገሩን ስታወራ “ሥራውን የምሠራው እኔ፣ ዕረፍቱን ያመጣው የእትዬ ምላስ” ብላ ብዙ ሳቀችብን።

አርብ ጠዋት ተነሣን። ባጥሐ ካርጎ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ የሰዉን ዕቃ በኪሎ እየመዘነ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ። ካርጎው ነው የምንለው። ሰባት ሰው የሚይዝ ኢኖቫውን ይዞ መጣ። የቨርጂኒያዋና ባሏ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እኔ፣ ካርጎው፣ ከዚያ ከአሠሪዎቿ በር ላይ እህቴን ጨመርን። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልጅቷ ዘጠኝ። አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱት።

መኪናዋን አቁመን በሜትሮ ሄድን። የሪያድ ሜትሮ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ነው። ስድስት መስመር፣ 85 ጣቢያ፣ 176 ኪሎ ሜትር፤ ትኬቱ አራት ሪያል ነው፣ ለሁለት ሰዓት። በዚያች አገር በአራት ሪያል ከሻይና ከሻዋርማ ሌላ ምን ይገኛል? ታዲያ ባቡሩ ሹፌር የለውም። ልጆቹ ሮጠው ፊት ለፊት ካለው መስታወት ላይ ተለጠፉ። እህቴ አንገቷን አስግጋ ታያለች። “ሹፌሩ የታለ?” “የለውም።” “ወላሂ በል!” እኔም ውስጤ ስቅቅ አለ። በሰኔ 2018 ለሴቶች መንዳት የተፈቀደ ዕለት እኛ የቤት ሹፌሮች ተሰብስበን “በቃ፣ ማዳሞቹ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ለኛ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ነው የሚመታልን” ብለን ነበር። ብዙዎቹ አወጡ፤ የተባረረም ሹፌር አለ። እኔን ያተረፉኝ የምነዳላቸው አዛውንት ናቸው፤ የአረብኛ አስተማሪ ነበሩ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ታሪክ ካላወሩ ደግሞ መንገዱ አይገፋላቸውም። ከዚህ ወዲያ የምነግራችሁ ታሪክ አብዛኛው ከኋላ ወንበር የሰማሁት ነው።

ዑለያ ላይ ወርደን ያን የተበሳ ፎቅ አሳየናት። ኪንግደም ታወር፣ 302 ሜትር፣ በ2002 የተመረቀ። እህቴ ቀና ብላ አየችው፤ ከማስጫዋ ላይ ሆና ስታየው ትንሽ ነበርና አሁን አንገቷ አልበቃ አላት። ካርጎው “መጠጥ በሌለበት አገር የጠርሙስ መክፈቻ አቆሙ” ብሎ አሮጌዋን ቀልድ ጣለ። ሁሉም ሳቀ። ወደ መስመራችን ተመለስን።

ቀስር አል ሑክም የሚባለው ጣቢያ ስንወጣ ከላይ ትልቅ የብረት ጣሪያ ተደፍቷል፤ እንደ መስታወት የተወለወለ። ቀና ስትሉ ራሳችሁን ተገልብጣችሁ ታያላችሁ። ልጅቷ እጇን እያወዛወዘች ራሷን ፈለገች። አንድ የባንግላዴሽ ሰው ደግሞ ረጅም መጥረጊያውን ተደግፎ ልጅቷን እያየ ይስቃል። ያን ወለል ማን እንደሚያብለጨልጨው እህቴ ከሁላችን ቀድማ አየች፤ “አላህ ያግዝህ” አለችው በአረብኛ፣ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ከዚያ በእግር ጥቂት ሄዶ መስመክ ነው። የጭቃ ምሽግ ነው፤ አራት ማዕዘኑ ላይ አራት ግንብ፣ በ1865 አካባቢ እንደተሠራ ይነገራል። ግቡና በሩን እዩ! የተምር ግንድ ተጋጥሞ የተሠራ ወፍራም በር ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ በር አለችው፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ብቻ የሚሾልክባት። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በጥር 1902 የሃያ ምናምን ዓመቱ ወጣት አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ ከኩዌት ከስደት ተነሥቶ፣ አርባ ያህል ሰው አስከትሎ፣ በሌሊት ወደ ሪያድ ሾለከ። የአያቶቹን ከተማ የያዘው የአል ረሺድ ቤተሰብ ሹም ዐጅላን ይባላል፤ ሌሊቱን ምሽጉ ውስጥ ያድርና ጠዋት ይወጣል። ጠበቁት። ሲወጣ ተንደረደሩበት። ሸሽቶ በዚያች ትንሽ በር ሊሾልክ ሲል አንዱ ጎትቶ ይይዘዋል፣ ሌላው ጦር ይወረውራል። ጦሩ ሰውየውን ሳተው፣ በሩን መታው። ዐጅላን እዚያው ተገደለ፣ ከተማዋ ተያዘች፣ መንግሥቱም ከዚያ በር ላይ ተጀመረ። የዚያ ጦር ጫፍ ዛሬም እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ አለ። ዓይናችሁን ካላስጠጋችሁ አይታይም፤ ጥቁር የብረት ስባሪ ናት፣ በዙሪያዋ ያለው እንጨት ብዙ ጣት ነክቶት ልዝብ ብሏል።

ልጁ ዓይኑን አስጠግቶ ቆየ። “አጎቴ፣ የኛ ንጉሥ ያኔ ማን ነበር?” አለኝ በእንግሊዝኛ። “የኛ” ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ምኒልክ ነበሩ አልኩት። አዲስ አበባ ተቆርቁራ አሥራ ስድስተኛ ዓመቷ፤ አድዋም ድል ተደርጎ ስድስተኛው። ሪያድ ያኔ በጭቃ ግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ነበረች። በ2022 ሕዝቧ ሲቆጠር 7 ሚሊዮን ገደማ ሆነ።

ከመስመክ ጀርባ ሱቅ አል ዘል ነው፤ ከ1901 ጀምሮ የነበረ ገበያ፣ ምንጣፉ፣ ቢሽት የሚሉት ካባው፣ አሮጌው ጀበናና ጎራዴው፣ የዑዱ ጭስ። እዚህ ላይ እህቴ አስጎብኚ ሆነች። ጉድ እኮ ነው! እስከዚያ ድረስ ከኋላችን ትከተለን የነበረችው ልጅ፣ ዑድ ቤት ስንገባ የእንጨቱን ስባሪ አንሥታ አሸተተች፣ በጥፍሯ ፋቀችው፣ “ይሄ ቀለም ገብቶበታል፣ ሌላ አምጣ” አለችው ባለሱቁን። ሰውየው በመደነቅ አያት፤ ከጓዳ ሌላ አመጣ። የሀብታም ቤት ዑድ በየምሽቱ ስታጨስ ኖራ እንዴት አይታወቃት? የቨርጂኒያዋ በእሷ ዋጋ ብትገዛ የሚደርስባትን አስባ ቦርሳዋን ለእህቴ ሰጠቻት።

ባለሱቁ ቡና አስቀረበ። የሳዑዲ ቡና እንደምታውቁት እንደኛ አይጠቁርም፤ ቆሎ ሳይመስል ነው ከምጣዱ የሚወርደው፣ ሄል ይበዛበታል፣ ቀለሙ ቢጫ ነው። የሚቀዳው ልጅ ደላ የሚሉትን ጀበና በግራ፣ ሲኒውን በቀኝ ይዞ ይቆማል። ሲኒዋ እጀታ የላትም፣ የሚቀዳው ደግሞ ከታች ትንሽ። የቨርጂኒያዋ ጠጣች፣ መለሰች፤ ቀዳላት። ጠጣች፤ ቀዳላት። በይሉኝታ ጠጣች፤ ቀዳላት። ፊቷ መቅላት ጀመረ። እህቴ ጠጋ ብላ “እትዬ፣ እንዲህ አድርጊ” አለቻትና ባዶ ሲኒዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ ነቅነቅ አደረገቻት። ቀጂው ወዲያው ሲኒዋን ተቀብሎ ሄደ። ካልነቀነቃችሁ እስከ መግሪብ ይቀዳላችኋል። ሱቁ ጥግ ላይ የቆመው ከረጢት ላይ ደግሞ ምን ተጽፏል? “ሀረሪ”። የሐረር ቡና። ሳዑዲ ቤት ውስጥ ለእንግዳ ከሚቀርበው ብዙው ከኛው አገር የሄደ ነው። ልጅቷ ፎቶ አነሣችው።

ማታ ቡሌቫርድ ወርልድ ሄድን። የሪያድ ሲዝን የሚባለው ትልቁ ፌስቲቫል የተጀመረው በ2019 ነው፤ ቡሌቫርድ ወርልድ ደግሞ በ2022 የተጨመረ ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ቆፍረው፣ በዙሪያው አገሮችን ተከሉበት። ፈረንሳይ አለች፣ ግሪክ አለች፣ ሞሮኮ፣ ጃፓን፣ ህንድ ከነቤተ መንግሥቷና ከነቅመማ ቅመሟ። ህንድ ግቢ በር ላይ የሚጠብቀው ጥበቃ ህንዳዊ ነው፣ ጎብኝውም ግማሹ ህንዳዊ ነው፤ ሳምንቱን ሕንጻ ሲገነባ የከረመ ሰው አርብ ማታ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አገሩን በቲኬት ገብቶ ያያል። ይህን ሳይ ትንሽ ዝም አልኩ። አሜሪካም አለች። የአሜሪካዎቹ ልጆች አሜሪካ ሲደርሱ አዛጉ። “ይሄን ቤታችን አጠገብ አለልን” አሉ። እህቴ ደግሞ አሜሪካ በር ላይ ነፍሷ ቀረች። ሻሿን አስተካከለች፣ ቆመች፣ “ወንድም ጋሼ አንሣኝ፣ ጽሑፉ ይግባ” አለች። አነሣኋት። ወዲያው ሐይቅ ላለችው እናታችን በኢሞ ላከችላት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ እናታችን ናት፣ ከጎኗ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። “ልጄ፣ አሜሪካ ገባሽ?” እህቴ አላህን ፈራችና “አይ፣ የሪያዱ አሜሪካ ነው” አለች። እናታችን “እሱስ ቢሆን፣ አልሐምዱሊላህ” አለች። የቨርጂኒያዋ ባል እስኪያነባ ሳቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርና እንለፍ። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ በአንድ በር፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ጥበቃው የቨርጂኒያዋን “ከየት ናችሁ?” አላት። “አሜሪካ።” “ወልካም፣ ወልካም!” ልጆቹን ራሳቸውን ዳበሳቸው። ከኋላ እኔ፣ ካርጎውና እህቴ ደረስን። አንድ ደም፣ አንድ መልክ፣ አንድ ሐይቅ። “ኢቃማ” አለን። አወጣን፣ አሳየን፣ አለፍን። የቨርጂኒያዋ ተናድዳ ልትመለስበት ስትል እህቴ እጇን ያዘቻት። “ተዪው እትዬ፣ ነገ የሚያገኘን እኛን ነው።”

ቅዳሜ ማለዳ የቨርጂኒያዋ ባል ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራይቶ ጠበቀን። ለእኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መንገድ ማየት አዲስ ነገር ነው፤ እግሬ ግን ፍሬኑን ሲረግጥ ዋለ። ከሪያድ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱ መጨረሻ አስፋልት የለውም፣ ድንጋይና አሸዋ ነው። ፈረንጆቹ የዓለም ጫፍ የሚሉት ቦታ፣ ጀበል ፊህረይን። የጡወይቅ ተራራ በመቶዎች ኪሎ ሜትር እየተዘረጋ መጥቶ እዚያ ላይ ቁልቁል ይቆረጣል። ከታች ደረቅ ወንዝ፣ የግመል ዱካ፣ አድማስ። ቱሪስቶቹ ሁሉ ጫፉ ላይ እየተቀመጡ እግራቸውን አንጠልጥለው ፎቶ ይነሣሉ። ልጁ ከድንጋዩ ውስጥ የዛጎል ቅርጽ አገኘ፤ ሹፌሩ “ይህ ሁሉ ዱሮ ባሕር ነበር” አለው፣ እውነቱን ነው። እህቴ ጫፉ ድረስ ሄደች፣ ወደ ታች አየች፣ ተመለሰች። “ለገደል ነው እንዴ ይህን ያህል የተነዳው? አምባሰል ሄደው በነጻ አያዩም?” ካርጎው መሬት ላይ ተቀመጠ በሳቅ። እውነቷን እኮ ነው፤ አምባሰል አፋፍ ላይ ፍየል ያገደ ሰው ጡወይቅን ምን ብሎ ይደነቃል?

ስንመለስ ዲርዒያ ገባን። ይህን ቦታ ግን ሳታዩ እንዳትሄዱ። ጡረይፍ የሚባለው የጭቃ ከተማ ዋዲ ሐኒፋ ዳር ተቀምጧል፤ የሳዑዲ መንግሥት የመጀመሪያ መናገሻ፣ ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለ። ግድግዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ንፋስ ያስገባሉ፣ ፀሐይ አያስገቡም። ታዲያ ይህ ከተማ በ1818 ፈረሰ። ማን አፈረሰው? የግብፁ መሐመድ ዓሊ ልጅ፣ ኢብራሂም ፓሻ፣ መድፍ አስጎትቶ ወራት ከብቦ። የዚያን መንግሥት የመጨረሻ ኢማም አብዱላህን ወደ ኢስታንቡል ላከው፤ እዚያ አንገቱ ተቀላ። የኔ አዛውንት ይህን ሲነግሩኝ በምሬት ነው። እኔም ያን ጊዜ “ሼኽ፣ ያ ኢብራሂም ፓሻ ልጅ ነበረው?” አልኳቸው። “ነበረው እንጂ፣ እስማኤል ፓሻ።” “እኛ እሱን እናውቀዋለን!” አልኳቸው። የአባቱን ዓይነት ድል ከሐበሻ ሊያገኝ ሠራዊት በሠራዊት ላይ ላከ፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ ድባቅ መቱት። አዛውንቱ ከኋላ ወንበር ሆነው አጨበጨቡ፤ ለደሞዝ ጭማሪ ብነግራቸው ኖሮ ያኔ ነበር።

ዲርዒያ ያስጎበኘችን ወጣት ሳዑዲያዊት ናት፤ ዐባያዋ አመድማ፣ ጆሮዋ ላይ ማይክ የሰካች። ለቨርጂኒያዎቹ በእንግሊዝኛ ትተርክላቸዋለች። እህቴ አንድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆዳ ዕቃ አይታ በአረብኛ “ይሄ ወተት መናጫው ነው አይደል?” አለቻት። አስጎብኚዋ ክው አለች። “ይህን አነጋገር ከየት አመጣሽው? አያቴን ነው የምትመስዪው!” እህቴ የማዳሟን እናት ነው የምታስታምመው፤ ባልቴቷ የነጅድ የድሮ ሰው ናቸው፣ አረብኛዋን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የዛሬ የሪያድ ወጣት የማይናገረውን የባልቴት ቃል አንዲት የሐይቅ ልጅ እንደ ውኃ ታንቆረቁረዋለች። አስጎብኚዋ ከዚያ ወዲያ ቨርጂኒያዎቹን ትታ ከእህቴ ጋር ገጠመች፤ ስለ መናጫው፣ ስለ ተምሩ አቀማመጥ፣ ሴቶቹ ጠጉራቸውን በምን ይቀቡት እንደነበር። የቨርጂኒያዋ “ኧረ ለኛም ተርጉሙልን” እያለች ከኋላ ቀረች።

ምሳ ከጡረይፍ ፊት ለፊት ቡጀይሪ በላን፤ በ2022 የተከፈተ የምግብ ቤት ሰፈር ነው፣ ስመ ጥር የአውሮፓ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት። እህቴ ዝርዝሩን አነበበችና “ውኃ ይበቃኛል” አለች። የኛ ምሳ ከእሷ የግማሽ ወር ደመወዝ በላይ መጣ። የቨርጂኒያዋ ካርዷን ነካ አድርጋ ከፈለች።

የመጨረሻውን ማታ የመረጠው ካርጎው ነው። “ሁሉን አያችሁ፣ የኛን ሰፈር ሳታዩ?” አለ። መንፉሐ ወረድን፣ ደቡብ ሪያድ። መንገዱ ይጠባል፣ መብራቱ ይቀንሳል፣ የበርበሬ ሽታ ይመጣል። የየመኑ፣ የሱዳኑ፣ የሐበሻው ሱቅ ትከሻ ለትከሻ። አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን ክትፎና ሽሮ አዘዝን፤ ልጆቹ እዚያ ነው በሁለት ቀን ውስጥ የጠገቡት።

ካርጎው እንዲህ ነገራቸው። በ2013 መንግሥት ወረቀት ለሌለው ሠራተኛ የምሕረት ጊዜ ሰጠ፤ ያ ጊዜ በኅዳር 3 አለቀ። ፍተሻው ተጀመረ። ኅዳር 9 ማታ እዚህ መንፉሐ ውስጥ ግጭት ተነሣ፣ ሰው ሞተ፣ ሐበሻው በገፍ ተያዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ተመለሰ። “እኔ ከዚያች መስጊድ በስተጀርባ ነበር የምኖረው” አለና ወደ መስኮቱ አሳየ። “ከክፍሌ ልጆች ቦሌ የወረዱት በነጠላ ጫማ ነው።” ሌላ አልጨመረም፤ ክትፎውን ጎረሰ፣ ለልጁም አጎረሰው።

እኔ ደግሞ የአዛውንቴን ጨመርኩ። ይህ መንፉሐ ጥንት የአንድ ትልቅ ገጣሚ አገር ነበር፤ አል አዕሻ ይባላል፣ ከእስልምና በፊት ተነሥቶ በነቢዩ ዘመን የሞተ፣ ዓይኑ የደከመ። ለገንዘብ ሲል ከኦማን እስከ ሶርያ ዞሯል። በአንድ ግጥሙ ነጃሺን አገሩ ድረስ ሄዶ እንደጎበኘው ይናገራል። ነጃሺ የኛ ንጉሥ ነው፣ አገሩም ሐበሻ። የመንፉሐ ሰው ሪዝቁን፣ እንጀራውን፣ ፍለጋ ወደ ሐበሻ ሄደ፣ የሐበሻ ሰው ሪዝቁን ፍለጋ ወደ መንፉሐ መጣ። የቨርጂኒያዋ ባል ይህን ሲሰማ “ቪዛ ጠይቀውት ነበር?” አለ።

ከዚያ እህቴን ወደ በሯ አደረስናት። ማዳም ራሷ ወጥታ ተቀበለችን፤ ከቨርጂኒያዋ ጋር ተሳሳሙ፣ ቡና ካልጠጣችሁ አለች። ገባን፣ ተቀመጥን። ቡናውን የቀዳችው እህቴ ናት፣ ደላውን በግራ፣ ሲኒውን በቀኝ ይዛ። የቨርጂኒያዋ አንዱን ጠጣችና ሲኒዋን ነቅነቅ አደረገች፤ ማዳም ተደነቀች፣ “ማን አስተማረሽ?” አለች።

እንግዲህ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውሮፓ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ያወራሁት ለእናንተ ነው። ዑምራም ሆነ ሽርሽር ስትመጡ ሪያድ፣ ጅዳ ወይ ደማም እህት፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ካላችሁ፣ ከቲኬቱ በፊት የማዳሟን ስልክ ያዙ። በእንግሊዝኛ ደውሉ፣ ከየት እንደመጣችሁ መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከዚያ ዕረፍት ጠይቁላት። አርብን ብቻ እንዳትጠይቁ፣ አርብና ቅዳሜን አብራችሁ ጠይቁ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ኑ፤ በሐምሌ ከመጣችሁ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ነው፣ ከኢኖቫው አትወርዱም።